በኮሮና ጊዜ ለካውንቲያችሁ ፋርመሮች የተከፈለውን የመንግስት ገንዘብ ራሳችሁ ፈልጋችሁ እንዴት ታነባላችሁ?

ሚኒሶታ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ አይዋ፣ ነብራስካ፣ ካንሳስ፣ ብቻ እርሻ የበዛበት ገጠራማ ካውንቲ ውስጥ ምትኖሩ ወገኖች ይሄ በተለይ ለናንተ ነው። የአሜሪካ መንግስት ኮሮና ላደረሰው ጉዳት ብሎ ለፋርመሮች የከፈለው ገንዘብ ሚስጥር አይደለም። ማን ወሰደ፣ ስንት ወሰደ፣ በየትኛው ቀን ወጣለት፣ በምን ፕሮግራም ስም ወጣለት የሚለው ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል፣ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ማውረድ ይችላል፣ ዜግነት አይጠየቅም፣ አካውንት ክፈቱ አይባልም፣ ሳንቲም አይከፈልበትም።

ችግሩ ይሄ ፋይል መኖሩን ሚያውቀው ሰው ትንሽ ነው፣ የሚያውቀውም አብዛኛውን ጊዜ ድምሩን ብቻ አይቶ ነው ሚያወራው። አንዱ "እዚህ መንገድ ዳር ያለው ፋርመር ግማሽ ሚሊዮን ወሰደ" ይላል፣ ሌላው "ለነሱም ምንም አልደረሳቸውም" ይላል፣ ሁለቱም ግን ብሩ ከየትኛው ፕሮግራም እንደመጣና ፕሮግራሙ በምን ሂሳብ እንደሚከፍል አላዩም። እሱን ሳታውቁ ቁጥሩን ብቻ ብታዩት ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ ከማውረድ አንስቶ አንዷን መስመር እስከ ማንበብ ድረስ ያለውን ረጋ ብዬ ላሳያችሁ።

ለምሳሌ እንዲሆነን ኖብልስ ካውንቲን እንውሰድ፣ ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ ዋና ከተማው ዎርዚንግተን። እኔ ይሄን ካውንቲ የመረጥኩት በምክንያት ነው። አሳማ፣ በቆሎና አኩሪ አተር የሚበዛበት ቦታ ነው፣ ከተማው ውስጥ ያለው የጄቢኤስ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ደግሞ ከ2,000 በላይ ሰው ይሠራበታል፣ ከነሱም ውስጥ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉ። በኤፕሪል 2020 ከዚህ ወደ ምዕራብ ያለው የሱ ፎልስ ስሚዝፊልድ ፋብሪካ በኮሮና ተዘጋ፣ ሲዲሲ በዛው ወር ስለ ስሚዝፊልድ ባወጣው ማስታወሻ ሠራተኛው ወደ 40 የሚጠጋ ቋንቋ እንደሚናገር ጽፎ ከዋና ዋናዎቹ መሀል አማርኛን፣ ትግርኛን፣ ኦሮምኛንና ኩናማን ጠቅሷል። ቀጥሎ ኤፕሪል 20 የዎርዚንግተኑም ተዘጋ። በቀን ወደ 20 ሺህ አሳማ የሚያርድ ፋብሪካ ሲቆም ፋርመሩ ጋ ያለው አሳማ አይቆምለትም፣ በየቀኑ ይበላል፣ ይከብዳል፣ ከሱ ኋላ ደግሞ ትንንሾቹ ቦታ ይጠብቃሉ። ብዙ ፋርመር የደረሰ አሳማውን ገድሎ ለማስወገድ ተገደደ። የኛ ሰዎች ፋብሪካው ውስጥ ታመሙ፣ እነሱ ደግሞ ከብታቸው እጃቸው ላይ ቀረ፣ የሁለቱም ጉዳት ከአንድ ቦታ ነው የጀመረው፣ የተከፈለው ካሳ ግን በጣም የተለያየ ነው፣ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ፕሮግራሞቹን ለዩ

ይሄን ሳታውቁ ፋይሉን አትክፈቱ። በጣም አስፈላጊው ክፍል ይሄ ነው።

ዋናው ሲኤፍኤፒ የሚባለው ነው፣ የኮሮና ቫይረስ የምግብ ድጋፍ ፕሮግራም እንደማለት። ሁለት ዙር አለው። የመጀመሪያው 16 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ በኤፕሪል 2020 ነው የተነገረው፣ ማመልከቻው ከሜይ 26 ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር 11 ድረስ ነበር። ሁለተኛው እስከ 14 ቢሊዮን ተብሎ ከሴፕቴምበር 21 እስከ ዲሴምበር 11፣ 2020 ተመዘገበ፣ ከዛ ደግሞ መንግስት ሲቀየር በኤፕሪል 2021 እንደገና ተከፍቶ እስከ ኦክቶበር 12 ቆየ። ለአሳማ፣ ለከብት፣ ለወተት፣ ለበቆሎ፣ ለአኩሪ አተር፣ ለስንዴ፣ ለአትክልት፣ ለሁሉም የየራሱ ተመን ነበረው።

ከዛ ለአሳማ አካባቢ የሚጠቅሙ ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። አንዱ ፋብሪካ በመዘጋቱ የግድ እንዲገደሉ ለተደረጉ እንስሳት የተከፈለ ነው፣ ፒኤልአይፒ ይሉታል፣ ከማርች 1 እስከ ዲሴምበር 26፣ 2020 ለተወገዱት የገበያ ዋጋቸውን 80 በመቶ ይከፍላል፣ ለማስወገጃው ከሌላ ቦታ የተከፈለ ካለ ይቀነሳል። ሌላኛው አሳማቸውን በኮንትራት ሳይሆን በዕለት ገበያ ለሸጡ ሰዎች ነው፣ ኤስኤምኤችፒፒ ይሉታል፣ ከኤፕሪል 16 እስከ ሴፕቴምበር 1፣ 2020 ለተሸጠ በአንድ አሳማ 54 ዶላር፣ ቢበዛ ለ10,000 አሳማ።

በ2023 ደግሞ ፒኤአርፒ የሚባል መጣ፣ የ2020 ጠቅላላ ገቢያቸው ከ2018 ወይም ከ2019 ጋር ሲወዳደር በጣም ለወረደባቸው። ይሄንን ብዙ ሰው አያውቀውም ምክንያቱም ወረርሽኙ አልፎ ሁሉም ሰው ከረሳው በኋላ ነው የመጣው፣ የ2020ን ፋይል ብቻ ካያችሁ ያመልጣችኋል።

ፒፒፒ የሚባለው፣ ለደሞዝ መክፈያ ተብሎ ለንግዶች የተሰጠው ብድር ሌላ ነው፣ እሱ የሚወጣው ከግብርና መስሪያ ቤቱ ሳይሆን ኤስቢኤ ከሚባለው የአነስተኛ ንግድ መስሪያ ቤት ነው፣ ስለዚህ በሌላ ፋይል ነው ምታገኙት።

አሁን ደግሞ ኮሮና ያልሆኑትን እወቁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤምኤፍፒ የሚል ካያችሁ እሱ ከቻይና ጋር በነበረው የታሪፍ ጣጣ የተከፈለ ነው፣ የመጨረሻው ክፍያ 2020 መጀመሪያ ላይ ስለወጣ ከወረርሽኙ ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ ይታያል። ኤአርሲ እና ፒኤልሲ የሚሉት በመደበኛው የእርሻ ህግ መሰረት ዋጋ ወይም ገቢ ሲወርድ የሚከፈሉ ናቸው፣ ሲአርፒ ደግሞ መሬቱን ሳያርስ ለተፈጥሮ ለተወው ሰው የሚከፈል የዓመት ኪራይ ነው፣ ሦስቱም ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር ላይ ስለሚወጡ የኦክቶበር 2020 ድምር አለቅጥ ትልቅ ይመስላል። ኢአርፒ የሚለውም የድርቅና የጎርፍ ዓይነት የተፈጥሮ አደጋ ካሳ ነው። በ2020 ለፋርመሮች በቀጥታ የተከፈለው የመንግስት ገንዘብ በአገር ደረጃ ከ45 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፣ እስከዛ ጊዜ ድረስ ይሄን ያህል ተከፍሎ አያውቅም፣ ግን ሁሉም የኮሮና አይደለም፣ ይሄን ቁጥር እያነሳ "የኮሮና ብር" የሚል ካጋጠማችሁ አርሙት።

ፋይሉን ማውረድ

የግብርና ሚኒስቴሩ ዩኤስዲኤ ነው፣ በሱ ስር ክፍያውን የሚያወጣው ኤፍኤስኤ ይባላል። ኤፍኤስኤ ዌብሳይት ላይ ገብታችሁ የኤሌክትሮኒክ ንባብ ክፍል የሚለውን፣ ከዛ የክፍያ ፋይሎች የሚለውን ፈልጉ፣ በጉግል "ኤፍኤስኤ ፔይመንት ፋይልስ" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ብትጽፉም ቀጥታ ያመጣላችኋል። ፋይሎቹ በዓመት በዓመት የተቀመጡ ኤክሴሎች ናቸው፣ ለአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ፋይል ሊኖር ስለሚችል የናንተ ስቴት የትኛው ውስጥ እንዳለ እዩ። 2020 እና 2021ን የግድ፣ 2022ንና 2023ን ደግሞ ለኋለኞቹ ፕሮግራሞች አውርዱ።

ፋይሉ ከባድ ነው፣ በስልክ አትሞክሩት። ላፕቶፕ ከሌላችሁ የከተማችሁ ላይብረሪ ሂዱ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ እና ኦሪጅናሉን ሳትነኩ አስቀምጡት፣ ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒው ላይ ሥሩ። ፋይሉን ያወረዳችሁበትን ቀንም ፋይሉ ስም ላይ ጻፉ።

ካውንቲውን ማውጣት

መጀመሪያ በስቴት ፊልተር አድርጉ፣ ከዛ በካውንቲ። በቀጥታ ካውንቲውን ብትፈልጉ ኖብል የሚባል ካውንቲ ኦክላሆማም ኢንዲያናም ኦሃዮም አለ፣ የኛው ኖብልስ መጨረሻው ላይ ኤስ አለው፣ በአንዲት ፊደል የሌላ ስቴት ገበሬ ይዛችሁ ልትመጡ ትችላላችሁ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፋይሉ ላይ ሁለት ዓይነት ቦታ አለ፣ አንዱ የሰውየውን ጉዳይ የያዘው የካውንቲው ኤፍኤስኤ ቢሮ ነው፣ ሌላው ፖስታ የሚደርስበት አድራሻ ነው። ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። ጉዳዩ ኖብልስ ቢሮ ሆኖ አድራሻው ጃክሰን ወይም ሮክ ካውንቲ የሆነ አለ፣ ድንበሩ ቅርብ ስለሆነ አይዋ የሚኖር አለ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም አሪዞና ቁጭ ብሎ የቤተሰቡ መሬት ላይ ድርሻ ያለውም አለ። በተቃራኒው እዛው ዎርዚንግተን የሚኖር ሰው ጉዳዩ ሌላ ካውንቲ ቢሮ ሊሆን ይችላል። ጥያቄያችሁ "ለዚህ ካውንቲ እርሻ ስንት ገባ" ከሆነ በቢሮው ፊልተር አድርጉ፣ "እዚህ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ስንት አገኙ" ከሆነ በአድራሻው። ሁለቱን አንድ ላይ አትደባልቁ፣ የቱን እንደመረጣችሁም ጻፉት።

በፕሮግራም መለየት፣ ከዛ በስም መደመር

የፕሮግራሙ ስም ያለበትን ኮለም ክፈቱና ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ሲኤፍኤፒ የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ያሉበትን ሁሉ ምረጡ፣ በተለያየ አጻጻፍ ሊመጡ ይችላሉ፣ ከላይ የነገርኳችሁን የአሳማዎቹንና ፒኤአርፒንም ጨምሩ። ኤምኤፍፒን፣ ኤአርሲን፣ ፒኤልሲን፣ ሲአርፒን፣ ኢአርፒን አስወጡ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ስም ካለ ለብቻው ሌላ ሺት ላይ አስቀምጡት እንጂ በግምት አታስገቡት።

ከዛ ፒቮት ቴብል (ኤክሴል ራሱ በየስሙ የሚደምርላችሁ ሠንጠረዥ) ሥሩ፣ በግራ በኩል የተከፋዩን ስም፣ ላይ ፕሮግራሙን፣ መሀል ላይ የብሩን ድምር። ይሄ የግድ ነው ምክንያቱም አንድ ሰው አንድ መስመር ላይ ብቻ አይደለም ያለው። በመጀመሪያው ዙር መንግስት ገንዘቡ እንዳያልቅበት ፈርቶ መጀመሪያ 80 በመቶውን ብቻ ነበር ሚከፍለው፣ ቀሪውን 20 በመቶ ኦገስት ላይ ነው የለቀቀው፣ ስለዚህ በጁን አንድ ክፍያ፣ ኦገስት ሌላ ክፍያ፣ ከዛ ኖቬምበር የሁለተኛው ዙር እያለ ሦስትና አራት መስመር የሚሆን ብዙ ነው። ትልቁን መስመር ብቻ ያየ ሰው አሳንሶ ያወራል፣ አንዱን ክፍያ ሁለት ጊዜ የቆጠረ ደግሞ አጋንኖ ያወራል።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። አባትና ልጅ አንድ ስም ሊኖራቸው ይችላል፣ አንድ ቤተሰብ በአባት ስም፣ በእናት ስም፣ በኤልኤልሲ እና በትረስት አራት ቦታ ሊኖር ይችላል፣ አንድ ድርጅት ደግሞ አንዴ በኮማ አንዴ ያለ ኮማ ተጽፎ ሁለት ሊመስል ይችላል። የኮማውን ዓይነት አስተካክሉት፣ አድራሻው አንድ ስለሆነ ብቻ ግን ሁለት ሰውን አንድ አታድርጉ፣ ወንድማማቾች አንድ ግቢ እየኖሩ የተለያየ እርሻ ያላቸው ሞልተዋል።

አንድ መስመርን ጠጋ ብሎ ማንበብ

እዚህ ጋ ቁጭ በሉ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ያገኛችሁት ቁጥር ትልቅ ነው ትንሽ ነው ከማለታችሁ በፊት ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

የአሳማ ሂሳብ በመጀመሪያው ዙር እንዲህ ነበር፦ ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15፣ 2020 የተሸጠ ከ120 ፓውንድ በታች የሆነ አሳማ 28 ዶላር፣ 120 ፓውንድና ከዛ በላይ የሆነ 18 ዶላር፣ ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 ባለው ጊዜ ደግሞ እጁ ላይ በአንድ ቀን የነበረው ከፍተኛው ቁጥር በእያንዳንዱ 17 ዶላር። ሁለተኛው ዙር ከኤፕሪል 16 እስከ ኦገስት 31 ባለው ጊዜ ውስጥ ፋርመሩ በመረጠው ቀን እጁ ላይ ለነበረው በእያንዳንዱ 23 ዶላር፣ ለማራቢያ የተያዙት ሳይቆጠሩ።

እንበል አንድ መካከለኛ ፋርመር 2,000 ትንንሽ ሸጧል፣ 56,000 ዶላር። 1,000 የደረሱ ሸጧል፣ 18,000። ፋብሪካው በተዘጋበት ሰሞን 3,000 እጁ ላይ ነበሩ፣ 51,000። የመጀመሪያው ዙር ድምር 125,000 ሆነ ማለት ነው፣ ፋይሉ ላይ ግን መጀመሪያ 100,000፣ በኋላ 25,000 ሆኖ ነው ሚታየው። ሁለተኛው ዙር 3,000 በ23 ሲባዛ 69,000። ጠቅላላ 194,000 ዶላር። ይሄን ስም ፋይል ላይ ያየ ሰው "ሁለት መቶ ሺህ ብር በነጻ" ሊል ይችላል፣ በአሳማ ስታካፍሉት ግን በኤፕሪል 2020 በአንድ አሳማ ላይ የጠፋበትን ገንዘብ ሊሸፍንለት ወይ ላይሸፍንለት የሚችል ክፍያ ነው፣ እሱን ደግሞ የሰውየውን ወጪና የሸጠበትን ዋጋ ሳታውቁ መፍረድ አትችሉም።

ለበቆሎም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከ2019 ምርቱ ግማሹ ወይም በጃንዋሪ 15 ዋጋ ሳይቆረጥለት እጁ ላይ የነበረው፣ ያነሰው ተወስዶ በአማካይ በቡሼል (የእህል መስፈሪያ ነው) 33 ሳንቲም ተኩል ይደርሰዋል፣ ስለዚህ 40,000 ቡሼል የነበረው 13,400 ዶላር አግኝቷል። በሁለተኛው ዙር ኤከሩ በምርታማነቱ ተባዝቶ፣ ከዛ 40 በመቶው ተወስዶ፣ በ58 ሳንቲም ተባዝቶ ነው፣ በኤከር ከ15 ዶላር ግን አይወርድም። 500 ኤከር ያለውና በኤከር 180 ቡሼል የሚያገኝ ሰው 20,880 ዶላር ደረሰው፣ በ2021 ደግሞ በኤከር 20 ዶላር ተጨምሮለት ሌላ 10,000 ወሰደ። ይሄ የ2021 ጭማሪ አዲስ ማመልከቻ ሳይጠየቅ በቀጥታ ስለወጣ ብዙ ሰው ለምን እንደመጣ አይገባውም፣ ከሁለተኛው ዙር ጋር ደምሩት።

ጣራም አለው። አንድ ሰው በአንድ ዙር ከ250,000 ዶላር በላይ አይወስድም፣ ሁለቱ ዙር ለየብቻ ነው ሚቆጠረው። ኮርፖሬሽን ወይም ኤልኤልሲ ሆኖ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 400 ሰዓት የሠሩ ወይም ያስተዳደሩ ሦስት አባላት ካሉት እስከ 750,000 ይሄዳል። ጄኔራል ፓርትነርሺፕ ከሆነ ደግሞ ጣራው በየአባሉ ስለሚቆጠር ከዛም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ፋይሉ ላይ ልክ 250,000 ላይ ወይም ልክ 750,000 ላይ የቆሙ ቁጥሮች ስታዩ ደንግጣችሁ ሌብነት ነው እንዳትሉ፣ ጣራውን ነክቶ ነው። ለፖሊሲው ግን ትልቅ ጥያቄ ነው፣ እኔ በበኩሌ በአንድ ካውንቲ ውስጥ ጣራውን የነኩት ስንት እንደሆኑና ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደወሰዱ ማስላት ከሁሉም የሚጠቅመው ቁጥር ነው እላለሁ፣ ማን ወሰደ ከሚለው ይልቅ ገንዘቡ እንዴት እንደተከፋፈለ እሱ ነው ሚያሳየው። አማካይ ብቻ አትውሰዱ፣ ሚዲያኑንም፣ ማለትም ሁሉንም ከትንሽ ወደ ትልቅ ስትደረድሩ መሀል ላይ የሚውለውን ቁጥር፣ አውጡ፣ አንድ ሁለት ትልልቅ ስሞች አማካዩን ወደ ላይ ጎትተው ሁሉም ሰው ብዙ ያገኘ ያስመስሉታል።

ሌላ የማይታይ ነገር፦ መንገድ ዳር የምታዩት ረጃጅም የአሳማ ቤት የሰውየው ነው ማለት አሳማው የሱ ነው ማለት አይደለም። ብዙው በኮንትራት ነው ሚሠራው፣ አሳማውና መኖው የትልቅ ድርጅት ሆኖ ፋርመሩ ቤቱንና ጉልበቱን ነው ሚያቀርበው። ሲኤፍኤፒ መጀመሪያ የከፈለው የዋጋ ኪሳራው ለሚደርስበት ለአሳማው ባለቤት ነው፣ የኮንትራት አርቢዎች የተጨመሩት በኋላ ነው። ስለዚህ ቤቱ ባዶ ቀርቶበት የተጎዳው ጎረቤታችሁ ፋይሉ ላይ ላይኖር ይችላል፣ ወይም በጣም ትንሽ ቁጥር ይዞ ሊኖር ይችላል።

ፋይሉ ስንት አሳማ ወይም ስንት ኤከር ብሎ እንዳመለከተ አይነግራችሁም፣ ለመጠየቅም አትድከሙ፣ ፋርመሩ ስለመሬቱና ስለሥራው ለመንግስት የሰጠው መረጃ በ2008ቱ የእርሻ ህግ የተጠበቀ ነው። የክፍያው መጠን ግን ክፍት ነው።

ፒፒፒን መጨመር

ኤስቢኤ የዳታ ዌብሳይት አለው፣ የፒፒፒ ብድሮች በሙሉ እዛ አሉ፣ ከ150,000 በላይ የሆኑት በአንድ ፋይል፣ ከዛ በታች ያሉት በብዙ ፋይል ተከፍለው። ካውንቲ የሚል ኮለም አለው፣ የሥራ ዓይነት ኮድም አለው፣ እርሻ የሆነ ሁሉ በ11 ይጀምራል፣ ለምሳሌ 112210 አሳማ ነው፣ 111150 በቆሎ ነው፣ 111110 አኩሪ አተር።

እዚህ ላይ 20,833 ወይም 20,832 ዶላር የሚል ቁጥር ተደጋግሞ ታገኛላችሁ፣ አንዱ በሌላው ስር። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ብቻውን የሚሠራ ፋርመር መጀመሪያ ላይ የሚሰላለት በተጣራ ትርፉ ነበር፣ ብዙ ፋርመር ደግሞ ታክስ ላይ ትርፍ ስለማያሳይ ምንም አያገኝም ነበር፣ በዲሴምበር 2020 የወጣው ህግ ግን በጠቅላላ ገቢው ይሁንለት አለ፣ እስከ 100,000 ዶላር። መቶ ሺውን ለ12 ወር አካፍላችሁ በሁለት ተኩል ስታባዙት ያቺው 20,833 ትመጣለች። ሁለት ጊዜ የወሰደም አለ። ስሙ ብድር ይሁን እንጂ ፋይሉ ላይ የተሰረዘለት መጠን የሚል ኮለም ስላለ እሱን እዩት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉ ከተሰረዘ ብድር ማለቱ ትርጉም የለውም፣ እርዳታ ብላችሁ ደምሩት። ከሲኤፍኤፒ ጋር ግን በአንድ ኮለም አትደምሩት፣ ለየብቻ አሳዩና ከስር ድምሩን ጻፉ።

ድምራችሁን ማመሳከር

የፌደራል ወጪ የሚታይበት ዩኤስኤ ስፔንዲንግ የሚባል ዌብሳይት አለ፣ እዛ ላይ ለግለሰቦች የተከፈለው ስም ሳይኖረው በጥቅል ነው ሚታየው፣ ስለዚህ ለስም አይጠቅማችሁም፣ የካውንቲውን ጠቅላላ ድምር ለማመሳከር ግን ጥሩ ነው። የናንተ ድምር ትንሽ ቢለይ ምንም አይደል፣ በጣም ከለያየ ፊልተራችሁን እንደገና እዩ። ኢደብሊውጂ የሚባለው ድርጅት ደግሞ ያንኑ የመንግስት ዳታ በካውንቲ ደርድሮ ያሳያል፣ ቀለል ያለ ስለሆነ ኤክሴል ለማትወዱ ከዛ ጀምሩ፣ ዓመቱንና ፕሮግራሙን መርጣችሁ ማየታችሁን ብቻ አረጋግጡ፣ አለዚያ ከ1995 ጀምሮ ያለውን ድምር ነው ሚሰጣችሁ።

ከዛ ካውንቲው ውስጥ ስንት እርሻ እንዳለ ከእርሻ ቆጠራው ውሰዱ፣ በየአምስት ዓመቱ ነው ሚካሄደው፣ የ2017 እና የ2022 አለ። ቆጠራው በዓመት 1,000 ዶላር የሚሸጥ ወይም ሊሸጥ የሚችል ማንኛውንም ቦታ እርሻ ብሎ ስለሚቆጥር ቁጥሩ ብዙ ይመስላል፣ "ከግማሽ በላይ እርሻዎች አላገኙም" ከማለታችሁ በፊት ስንቶቹ ጥቂት በግ ያለው ጓሮ እንደሆኑ በሽያጭ መጠን የተከፋፈለውን ሠንጠረዥ እዩ።

የሠራተኛው ገንዘብ የት አለ

ይሄ ኤፍኤስኤ ፋይል ላይ የለም። ለሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ለእርሻ ሠራተኞችና ለአንዳንድ የግሮሰሪ ሠራተኞች ዩኤስዲኤ በ2022 ከ650 ሚሊዮን ዶላር በላይ መድቦ በግብረ ሰናይ ድርጅቶች በኩል ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ 600 ዶላር ሰጥቷል። የተከፈለው በ2020 ለነበረው ነገር ነው፣ እጅ ላይ የደረሰው ግን ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ ፋርመሩ ከፋብሪካው መዘጋት በኋላ በሁለት ወር ውስጥ የመጀመሪያውን ክፍያ ሲያገኝ። በዛ ላይ አማርኛ ወይም ትግርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ፕሮግራሙ መኖሩን በጊዜ አልሰማም፣ ፔይ ስታብ ያልያዘ፣ ሥራ ቀይሮ ስቴት የለቀቀ ብዙ ሰው አምልጦታል። ይሄ ያናድደኛል፣ ዝም ብዬም ማለፍ አልችልም። ካውንቲያችሁ ላይ ሪፖርት ምትሠሩ ከሆነ ይሄንን ቁጥር ከፋርሙ ቁጥር ጎን አስቀምጡት፣ የስም ዝርዝሩ ለሕዝብ ስላልወጣ በግምት ማባዛት ይበቃል፣ የፋብሪካው ሠራተኛ ቁጥር በ600፣ ሁሉም ቢያገኝ እንኳ ማለት ነው። 2,000 ሰው ቢሆን 1.2 ሚሊዮን ዶላር። ያንን ከካውንቲው የሲኤፍኤፒ ድምር ጋር አወዳድሩና ሁለቱንም ጻፉ።

ካገኛችሁት በኋላ

ስም ሕዝባዊ መዝገብ ላይ ስላለ ብቻ አድራሻውን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ። ሰውየው ህጉ የፈቀደለትን ነው የወሰደው፣ ቤቱ በር ላይ ሰው መላክ ምንም አይጠቅምም፣ ትንሽ ከተማ ላይ ደግሞ ልጆቻችሁ ከልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ነው ሚማሩት። ድምር፣ ሚዲያን፣ ጣራ የነኩት ብዛት፣ በፕሮግራም የተከፋፈለው፣ ይሄ ይበቃል። ስም መጥቀስ የግድ ከሆነ የሕዝብ ሹመት ያለው ሰው ሲሆን ብቻ አድርጉት፣ ያኔም መጀመሪያ ራሱን ጠይቁት።

እውነት የማጭበርበር ምልክት ካያችሁ፣ ለምሳሌ ጭራሽ እርሻ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ስም ወይም የሞተ ሰው ስም፣ ለዩኤስዲኤ ኢንስፔክተር ጄኔራል ጥቆማ መስጫ አለ፣ ስማችሁን ሳትጠቅሱ ማመልከት ትችላላችሁ። ከንቱ ነው ብላችሁ አትተዉት፣ ሲኤፍኤፒ ፋርመሩ ራሱ በሞላው ቁጥር ነው የተከፈለው፣ ማስረጃ የተጠየቀው ለቁጥጥር የተመረጡት ብቻ ናቸው፣ የኮንግረስ ኦዲተሩ ጂኤኦም በ2022 ቁጥጥሩ ጠበቅ ማለት አለበት ብሎ ጽፏል። ያልገባችሁ ነገር ብቻ ከሆነ ግን የካውንቲያችሁ ኤፍኤስኤ ቢሮ ደውሉና ይሄ የፕሮግራም ስም ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል። ፋይሉ ላይ ያልወጣ ክፍያ ካለ ደግሞ ፎያ በሚባለው የመረጃ ነጻነት ህግ በጽሁፍ ጠይቁ፣ ካውንቲውን፣ ዓመቱንና ፕሮግራሙን ለይታችሁ ጻፉ፣ "የኮሮና ክፍያ በሙሉ" ብላችሁ በጅምላ ከጻፋችሁ መልሱ ይዘገያል፣ የሲኤፍኤፒ ሁለተኛ ዙር፣ ኖብልስ ካውንቲ፣ 2021 ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ምን እንደፈለጋችሁ ወዲያው ይገባቸዋል።